የቅርብ ምስክር፤ ስለ ደራሲው በዓሉ ግርማ

ምስክር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሌላ ሰው የሰማውን የሚናገር ነው። ሁለተኛው ከሩቅ ሆኖ ያየውን የሚናገር ነው። ሦስተኛው ግን ነገሩ በተፈጸመበት ቤት ውስጥ የነበረ፣ ከባለ ጉዳዮቹ ጋር የበላና የጠጣ፣ ከሥራውም የተካፈለ ሰው ነው። ዳኛ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ በደለኛም ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይህንኑ ነው። የሩቁን ምስክር «መቼ አየህና!» ብሎ ማሳፈር ይቻላል፤ የቅርቡን ግን እንዲህ ሊሉት አይቻልም። ስለዚህ የቅርብ ምስክር ቃሉ እንደ ከበደ ሁሉ የሚከፍለውም ዋጋ የከበደ ነው።

እኔ በምኖርበት በቡሹሎና በዙሪያዋ ባለው በሲዳማ አገር ሽማግሎች ለጉዳይ በሶንጎ ሲቀመጡ «አፊኒ» ይላሉ፤ ትርጓሜውም «ሰማችሁን?» እንደ ማለት ነው። ነገሩ በግልጥ ተነግሮ፣ ተሰምቶና ተጣርቶ ሳያልቅ ፍርድ አይሰጥም። የሚፈለገውም «ሃላሌ» ነው፤ ይኸውም እውነት ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሸንጎ የቅርብ ምስክር ሊናገር ሲነሣ ሌላው ሁሉ ጸጥ ይላል። ምስክሩ ራሱ በነገሩ ውስጥ እጁ ቢኖርበት እንኳ አስቀድሞ ይሰማል እንጂ «አንተም ነበርህበት» ተብሎ አፉ አይዘጋም። ይህ የአባቶች ሥርዓት ስለ አንድ ደራሲ ስናስብ መልካም መንገድ የሚያሳየን ይመስለኛል።

አማርኛ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎች ስለ በዓሉ ግርማ ሲያነሡ በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንዳንዶቹ «ስለ እውነት የሞተ ጀግና ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የደርግ ባለሥልጣን አልነበረምን? ሲያገለግለው የኖረው መንግሥት ቢበላው ምን ይደንቃል?» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። እኔ ግን ሁለቱ ግማሾች ሲገጠሙ አንድ ሙሉ ነገር ይወጣል ባይ ነኝ፤ ይኸውም በዓሉ የተፈራው የቤቱ ሰው ስለ ነበረ ነው፤ ምስክርነቱም ክብደት ያገኘው ስለዚሁ ነው።

በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ በሱጴ ተወለደ። አባቱ ለንግድ ከህንድ አገር የመጣ ሰው ነበር፤ እናቱ ግን ኢትዮጵያዊት ነበረች። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትንና የፖለቲካ ሳይንስን ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ እንጀራው ብዕር ሆነ። በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን ጋዜጣ በአዘጋጅነት ሠራ።

ጋዜጠኛ ቀን ቀን የታዘዘውን ይጽፋል፤ በዓሉ ግን ማታ ማታ ያልታዘዘውን መጻፍ ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» የተባለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ወጣ። ቀጥሎ «የኅሊና ደወል» መጣ፤ እርሱም ሐዲስ የሚባል ወጣት መምህር ወደ ሱጴ ወርዶ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለመሥራት የሚደክመውን ድካም ይተርካል። ይህን መጽሐፍ በኋላ አስፍቶና አሻሽሎ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ እንደገና አሳተመው። ደራሲው የትውልድ መንደሩን አለመርሳቱንና የመምህርን ሥራ ማክበሩን ለማወቅ የሚወድ ሰው እርሱን ያንብብ።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ወድቆ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በዓሉ ከፍ ከፍ አለ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ። አንባቢ ይህን ሹመት በደንብ ያስተውለው። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ማለት በዚያ ዘመን ጋዜጣው፣ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና የዜና አገልግሎቱ የሚታዘዙበት ቤት ነበር። ሕዝብ ምን መስማት እንደሚገባውና ምን መስማት እንደማይገባው የሚቈረጠው በዚያ ነበር፤ የሳንሱርም ሥራ ከዚያው አይርቅም። እንግዲህ በዓሉ የወንበሩን ጥቅም አላገኘም፣ የዘመኑንም ዜማ አላዜመም ማለት ሐሰት ይሆናል። በ1972 ዓ.ም. የታተመው «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አብዮቱን በተስፋ የሚያይ መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ያሳተመው «ደራሲው» ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ጸሐፊ ለኅሊናውና ለሥራው ታምኖ መኖር ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ያሳያል። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ማውጣቱ በልቡ ውስጥ ክርክር እንደ ነበረ ምልክት ነው ብዬ አስባለሁ።

ክርክሩ የተቈረጠው በአስመራ ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የነበረውን ጦርነት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እጨርሳለሁ ብሎ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» የተባለውን አወጀ። ስሙ ከበዓሉ መጽሐፍ ጋር ቢመሳሰልም መጽሐፉ ዘመቻውን በሁለት ዓመት ይቀድማል። ዘመቻው ሁለገብ የተባለው ከጦሩ ጋር የልማትና የቅስቀሳ ሥራ አብሮ ስለ ታቀደ ነው። ባለሥልጣኖችና ጋዜጠኞች ወደ አስመራ ወረዱ፤ በዓሉም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከበሮው ተመታ፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ብዙ ሺሕ የድሀ ልጅ ከሁለቱም ወገን በተራራ ላይ ቀረ። በሬዲዮ የተነገረውና በምድር ላይ የሆነው ነገር አልገጠመም። ይህን አለመግጠም ከማንም ይልቅ ሊያውቅ የሚችል ሰው ቢኖር የሬዲዮውን ቃል ከሚያሰናዱት አንዱ የነበረ ሰው ነው።

በዓሉ ያየውን ይዞ ተመለሰና «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው፤ «አለቀ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ነገሩ አበቃለት» እንደ ማለት ነው። ባለ ታሪኩ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ የዘመቻውን ቅስቀሳ እንዲመራ ወደ አስመራ ይላካል። በአዲስ አበባ እጮኛ ሳለችው በአስመራ ፊያሜታ የምትባል ሴት ይወድዳል። ሥራውም ፍቅሩም በጦርነቱ መካከል ይሰበራሉ። መጽሐፉ ስድብ የለበትም። ነገር ግን ባለሥልጣኖቹን በመድረክ ላይ እንዳሉ ሳይሆን በሆቴልና በስብሰባ፣ በፉከራቸውና በፍርሃታቸው እንዳሉ ያሳያል፤ ብዙዎቹም በሌላ ስም ቢጠሩ እንኳ ራሳቸውን ለይተው አወቁ። ከዚህም በላይ ጠላት የተባለውን ወገን አውሬ ሳያደርግ ሰው አድርጎ ጻፈው። ዘመቻውም በድል ሳይሆን በኀዘን ያልቃል። በደል ሆኖ የተቈጠረበት ይህ ነው፤ እንዳየው መጻፉ።

«ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። የመንግሥት ድርጅት ያተመው መጽሐፍ ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቈይ በመንግሥት ትእዛዝ ከገበያ ተለቀመ። ነገር ግን መጽሐፍን ከሱቅ መልቀም ቀላል ነው፤ ካነበበ ሰው ልብ ውስጥ መልቀም አይቻልም። አስቀድመው የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤት ወደ ቤት በምስጢር ይዞሩ ጀመር። የተከለከለውን መጽሐፍ ለማንበብ ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር።

ደራሲው ከሥራው ተባረረ። ትናንት ደጅ ሲጠኑት የነበሩት ዛሬ ሰላምታውን ፈሩ። ወራት አለፉ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባዶዋን ቆማ ተገኘች። ያን ጊዜ ዕድሜው በአርባዎቹ አጋማሽ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ ጠበቁት። ክስ አልቀረበበትም፤ ችሎት አልተሰየመለትም፤ ፍርድ አልተነበበለትም። በደርግ የደኅንነት ሰዎች እጅ እንደ ጠፋ በሰፊው ይታመናል፤ መቃብሩ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ሰውን መግደል ታላቅ ኀጢአት ነው፤ ሰውን ገድሎ ሬሳውን መደበቅ ግን ሁለተኛ ኀጢአት ነው። በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ይዞ ይመጣል። በእኛም መንደር ቢሆን ከሐይቁ ማዶ ድረስ ሰው ለለቅሶ ይጓዛል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለሞተው ብቻ አይደለም፤ በሕይወት የቀረው እንዲጽናና ነው። ዘመዱ የጠፋበት ሰው ግን እንዲህ ያለ መጽናኛ የለውም። ቢያለቅስ «ምናልባት በሕይወት ቢኖርስ» ይላል፤ ባያለቅስ «ምናልባት ሞቶ ቢሆንስ» ይላል። በር በተንኳኳ ቊጥር ልቡ ይመታል። ስለዚህ ማጥፋት አንድን ሰው የመቅጣት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሚስትን፣ ልጆችንና ወዳጅን ሁሉ ዕድሜ ልክ የመቅጣት ሥራ ነው። ሌላውንም ጸሐፊ ያለ ዐዋጅ ዝም ያሰኛል።

ከበዓሉ በፊትም በአገራችን ደራሲ ስለ መጽሐፉ መከራ ተቀብሏል። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ መጽሐፉ ተለቀመ፤ እርሱም በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ። የአንዱ ደራሲ የትውልድ አገር ለሌላው የግዞት አገር ሆነ ማለት ነው። አቤ ግን ከግዞቱ ተመልሶ እንደገና ለመጻፍ ቻለ፤ በዓሉ አልተመለሰም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ለማወቅ ወደ ቤንጋል እንሻገር። ሻሂዱላህ ካይሰር የሚባል የቤንጋል ደራሲና ጋዜጠኛ ነበር፤ የተወለደው በ1927 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በዚያ ዘመን ምሥራቅ ፓኪስታን በሚባለው አገር «ሳንግባድ» በተባለው ጋዜጣ ይሠራ ነበር። ስለ ሕዝቡ ቋንቋና መብት በመከራከሩ ብዙ ጊዜ ታሰረ፤ የታወቀበትን ልብ ወለድም የጻፈው በወህኒ ቤት ሳለ ነው። በታኅሣሥ 1971 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የፓኪስታን ጦር በዳካ እጁን ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው የጦሩ ደጋፊዎች ካይሰርን ከቤቱ ወሰዱት። ብዙ መምህራን፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞችም በዚያው ሰሞን ተወሰዱ። የካይሰር ሬሳ አልተገኘም። ወንድሙ ዛሂር ራይሃን የተባለው የፊልም ሠሪ በጥር 1972 ሊፈልገው ወጥቶ እርሱም በዚያው ጠፋ። አባይንና ጋንጅስን የሚያገናኝ ወንዝ የለም፤ ብዕርን የሚፈሩ ሰዎች ሥራ ግን በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ሆነ።

ነገር ግን በካይሰርና በበዓሉ መካከል ልዩነት አለ። ካይሰር ከገዢዎቹ ጋር አልኖረም፤ በፊት ለፊት ተቃወማቸው። በዓሉ ግን የቤቱ ሰው ነበር። ሐሜተኛም በዚህ ይይዘዋል፤ «ቀድሞ ለምን አልተናገረም? በከተማው ውስጥ ወጣት ሲረግፍ የት ነበር?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልናፍነው አይገባም። የቀይ ሽብር ዓመታት ሲያልፉ በዓሉ በመንግሥት ሥራ ላይ ነበር። ይህን ሸፍኖ እንከን የሌለበት ሰማዕት አድርጎ ለልጆች ማስተማር ደርግ በሬዲዮው ያደርገው ከነበረው ነገር የሚለይ አይደለም፤ ያም ይህም እውነትን መቈረጥ ነው።

ይሁን እንጂ መልስ አለው። በመጀመሪያ፣ ሰው ትናንት ዝም ስላለ ዛሬ ዝም ማለት አለበት የሚል ሕግ የለም። እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ኖሮ የሚደሰተው ጨካኝ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ አገልጋዩ ያደረገውን ሰው ሁሉ ለዘላለም አፉን ዘግቶ ይይዘው ነበርና። በሁለተኛ፣ በዓሉ በተናገረ ጊዜ የሚያጣው ነገር ነበረው። ሥልጣንና ደመወዝ፣ ቤተ ሰብና ስም ነበረው። የሚያጣው የሌለው ሰው ደፍሮ ቢናገር ያስመሰግናል፤ የሚያጣው ያለው ሰው ቢናገር ግን ይበልጥ ያስደንቃል። በሦስተኛም፣ ከውጭ የቆመ ሰው «ኦሮማይ»ን ሊጽፈው አይችልም ነበር። የስብሰባውን ቃል፣ የሹሞቹን ሳቅ፣ የሐሰት ዜና እንዴት እንደሚጋገር የሚያውቀው የጋገረው ሰው ነው። ነውር የተባለው ቅርበቱ ለእኛ የእውነት ምንጭ ሆነልን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ሳለን ከተማርናቸው ታሪኮች አንዱ የንጉሥ ዮአቄም ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ቃሉን ለጸሐፊው ለባሮክ እየነገረ በክርታስ አስጻፈው። ክርታሱ በንጉሡ ፊት ሲነበብ ንጉሡ በክረምት ቤቱ፣ በእሳት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጥቂት በተነበበ ቊጥር በካራ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው፤ እስኪያልቅ ድረስ አቃጠለው። ኤርምያስና ባሮክ ግን ተደበቁ፤ ሌላ ክርታስም አምጥተው የፊተኛውን ቃል ሁሉ፣ ብዙም ጨምረው ጻፉ። ንጉሡ ያቃጠለው ክርታስ እንጂ የሚመጣውን ነገር አልነበረም። ኢየሩሳሌም የወደቀችው የተጻፈውን ለመስማት ስላልወደደች ነው።

የደርግም ነገር እንዲሁ ሆነ። «ጦርነቱ በከበሮ አይፈታም» የሚለውን የቅርብ ምስክር አጥፍቶ የከበሮ መቺዎችን ቃል መስማት መረጠ። በዓሉ ከጠፋ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ጦሩ በአፍአበት ታላቅ ሽንፈት ደረሰበት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ራሱ ወደቀ፤ መሪው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አስቀድመው ወደ ዚምባብዌ ሸሽተው ነበር። «ኦሮማይ» የሚለው ቃል በመጨረሻ በማን ላይ እንደ ተፈጸመ አንባቢ ይፍረድ። ገዢ የቅርብ ምስክሩን ሲያጠፋ የገዛ ዓይኑን ማጥፋቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገደሉን የሚያየው ከወደቀበት በኋላ ነው።

መጽሐፉ ግን ዳግመኛ ታተመ፤ ያኔ በድብቅ ይነበብ የነበረው በጠራራ ፀሐይ በየመንገዱ ተሸጠ። በ2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጒሞ ወጣ፤ ከአገራችን ስም በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ዛሬ የበዓሉን ምስክርነት ይሰማል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሰው ሥራ ላይ ታየ።

ሕጉም ቢሆን ተለውጧል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን ሻረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን የመግለጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 28 ደግሞ ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ የማይታገድ፣ በምሕረትም የማይታለፍ ወንጀል መሆኑን ያስታውቃል። እነዚህ መልካም ቃሎች ናቸው። ነገር ግን ከዚያም ወዲህ በአገራችን ጋዜጠኞች በጻፉት ነገር መታሰራቸው አልቀረም። ሕግ በወረቀት ሲቀመጥ ዘር ነው፤ የሚያበቅለው የዜጎች ልማድ ነው። እውነት ሲነገረው የሚቈጣ አባት፣ ሲጠየቅ በትር የሚያነሣ መምህር፣ ቅሬታ ሲሰማ ጠላት አየሁ የሚል ሹም በበዛበት አገር አንቀጽ ብቻውን ሰው አያድንም።

ስለዚህ ለሦስት ዓይነት ሰዎች ሦስት ቃል አለኝ። ሥልጣን ላይ ላለው፤ በቅርብህ ሆኖ የማያስደስትህን የሚነግርህን ሰው እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው፤ እርሱን ካባረርህ በኋላ የሚቀሩህ የሚያጨበጭቡልህ ብቻ ናቸው። በመንግሥትም ሆነ በሌላ ቤት ተቀጥሮ ለሚያገለግለው፤ ያየኸውን አትርሳ፤ ቀኑ ሲደርስ ያየኸውን እንዳየኸው መናገር ከአገልግሎትህ ሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት ነው። ለወጣቱ አንባቢ ደግሞ፤ ስለ ሰው ከመፍረድህ በፊት ሥራውን አንብብ፤ ድካሙንም ብርታቱንም ሳትቀንስ መዝግብ። በዓሉ ግርማ ለሌሎች ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እኛም ለእርሱ ልናደርግለት የሚገባን ይኸው ነው። መቃብር የሌለው ሰው መታሰቢያው የሚቆመው በአንባቢው ልብ ነው፤ ያም መታሰቢያ በእውነት ካልተሠራ አይጸናም።